ፍላሽ ላይ ጫኑት

የዱቄት ፋብሪካው መግቢያ ላይ፣ ከትልቁ የመኪና ሚዛን አጠገብ፣ በመስታወት የተከበበች ጠባብ ክፍል አለች። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ኮምፒውተር አለ። ወንበሩ ላይ የምትቀመጠውን ሴት ከጫኝና አውራጆቹ ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ ሁሉም «እትዬ ሚዛን» ይሏታል። መኪና ባዶውን ሲገባ ትመዝናለች፣ ጭኖ ሲወጣ ትመዝናለች፤ በመሀል ያለው ልዩነት ዱቄት ነው። ሥራው ይኸው ነው። ለሰሚው አሰልቺ ይመስላል። እሷ ግን ያቺን ክፍል ከቤቷ አብልጣ ትወዳታለች፤ ይህንንም ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ምክንያቱም ቤቷ ውስጥ ባሏ አለ።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ አለዚያ ሰው የሌለ ነገር ያስባል። የእሱ ችግር ጡረታ መውጣቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ሲሸኘው ተማሪዎቹን ወሰደበት እንጂ ማስተማሩን አልወሰደለትም። ቤት በዋለ በመጀመሪያው ወር ጓዳውን አደራጀ። የላይኛውን መደርደሪያ ደጋ፣ መካከለኛውን ወይና ደጋ፣ የታችኛውን ቆላ ብሎ ከፋፈለው። «ጨው የት ገባ?» ስትለው «ቆላ፣ ወደ ምሥራቁ ጥግ» ይላታል። ውሃ ሲጥድ «አሁን ውሃ እየጣድኩ ነው» ይላል፤ ሲፈላ ደግሞ እንፋሎቱ ወዴት እንደሚሄድ ያስረዳል። መኝታ ቤት ብትገባ ተከትሎ ገብቶ ያስረዳል። አንድ እሁድ ሙሉ አብራው ከዋለች በኋላ ሰኞ ጠዋት ክፍሏ ገብታ በሩን ስትዘጋ፣ ማንም የማይናገርበትን አየር በረጅሙ ትስበዋለች።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ።

ስክሪኑ ጠቆረና አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ አወጣ፤ ትርጉሙ በአጭሩ «የምነሳበት ነገር አጣሁ» ማለት ነው። አጠፋችው፣ አበራችው። ጎኑን መታ መታ አደረገችው። ለመነችው። እሱ ያችኑ መስመር መድገም ብቻ ሆነ። ዕድሜው የገፋ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ከእሷና ከዘበኛው በቀር ቀድሞት የተቀጠረ የለም። ማራገቢያው ዱቄት ሲውጥ ኖሮ ሲሠራ ያፏጫል።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጽሑፉን አነበበ፤ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎም አየ፤ ምን እንደሚያይ ግን እሱም አያውቅም።

«ሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ትመጣለች» አለ። «ሠርቶ ካገኘችው ይቀጥላል። ካልሠራ ሚዛኑን በካሜራ ያደርጉታል፤ ክፍሏም ትዘጋለች። እርስዎም...» ፈገግ አለ፤ የምሥራች የሚነግራት መስሎታል። «እርስዎም ጡረታዎን ቀደም ብለው ይወጣሉ። ደከሙ እኮ! ከባለቤትዎ ጋር አረፍ ይላሉ።»

እትዬ ሚዛን ይህን ስትሰማ ሳምንቱ በሙሉ እሁድ ሆኖ ታያት። ሰኞም እሁድ፣ ማክሰኞም እሁድ፣ ሁልጊዜ ውሃ እየተጣደ።

የቀራት አንድ መንገድ ነው፤ ኮምፒውተሩን ከሰኞ በፊት ማስነሳት። ስለ ኮምፒውተር አውቃለሁ የሚል የምታውቀው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ልጃቸው የሰጠችውን ላፕቶፕ ታቅፎ ቪዲዮ ሲያይ የሚውለው ያው ሰው። ከእሱ ለማምለጥ እሱኑ መለመን ግድ ሆነባት። ጥርሷን ነክሳ ስልኳን አወጣች።

ወፍጮው ሲዞር እዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ከሰው የሚሰማማው በጩኸት ነው። ስልክ የሚያወራ ሰው የተባለውን ጮክ ብሎ ካልደገመው የሰማ አይመስለውም። እትዬ ሚዛንም አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ግቢው መሀል እየተንጎራደደች ታወራለች። ሚዛን ስለቆመ ሥራ የፈቱት ጫኝና አውራጆች ኬሻው ላይ ተደርድረው ይሰሟታል።

«አዲስ ሲስተም ነው የሚያስፈልገው» አለ ባሏ። ድምፁ ውስጥ ደወል ተደውሎለት ክፍል የሚገባ መምህር ደስታ ነበር። «መጀመሪያ ማውረድ ነው።»

«መጀመሪያ ማውረድ!»

«ከዚያ ፍላሽ ላይ መጫን።»

«ከዚያ ፍላሽ ላይ መጫን! እሺ!»

«ዛሬውኑ ይጫን። እሱ ካለቀ ሌላው ቀላል ነው።»

«ዛሬውኑ ይጫን!» ብላ ደገመች፤ ከራሷም «ቶሎ!» ጨመረችበት። ድምፁ መቆራረጥ ሲጀምር ኔትወርክ ፍለጋ ወደ በሩ ወጣች።

እዚህ ላይ ስለ ፍላሽ ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። ለሌላው ዓለም ፍላሽ ማለት ኪስ የምትገባ፣ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ለዱቄት ፋብሪካው ሰው ግን ፍላሽ ሹፌር ነው። በትንሽ የጭነት መኪና ለዳቦ ቤቶች ዱቄት ያመላልሳል። ስሙን በፍጥነቱ ያገኘው እንዳይመስላችሁ፤ የመኪናው የፊት መብራት በራሱ ጊዜ ብልጭ ድርግም ስለሚል ነው። እሱማ ሲነዳ ያየ ሰው መኪናው የቆመ መስሎት ተዝናንቶ መንገድ ይሻገራል።

የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ደግሞ ክሬን ይባላል፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ኩንታል ትከሻው ላይ ሲያርፍ ዓይኑን የማያሽ ሰው። ኑሮው በሁለት ቃል የተያዘ ነው፤ መጫንና ማውረድ። እትዬ ሚዛን ይውረድ ብላ ጮኸች፣ ፍላሽ ላይ ይጫን ብላ ጮኸች፣ ቶሎ ብላ ጮኸች። ከዚህ የጠራ ትእዛዝ ሰምቶ አያውቅም። ምኑ ነው የሚጫነው እንዳይል፣ ጠዋቱን ሙሉ የግቢው ወሬ ያው ኮምፒውተሩ ነው። እሷን ደግሞ ሁሉም ይወዳታል። ብድግ አሉ።

ስልኩን ጨርሳ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን ብቻ ተቀምጧል።

«የታለ?»

«አወረድነው» አለ ክሬን ላቡን እየጠረገ። «ከነስክሪኑ፣ ከነገመዱ። ፍላሽ ላይ ጭነነዋል፤ ይዞት ሄዷል። በገመድ ጠፍረነዋል፤ አይጨነቁ እትዬ።»

«የቱ ፍላሽ ላይ?»

«ስንት ፍላሽ አለን?» አለ ክሬን።

እትዬ ሚዛን ግድግዳ ተደገፈች። ከዚያ ባሏ ጋ ደወለች።

«ፍላሽ ላይ ጫኑት!»

«ተጫነ? በዚህ ፍጥነት?» ባሏ ከልቡ ተደነቀ። «ማነው እዚያ እንዲህ ያለ ጎበዝ?»

«ክሬን ነዋ! አሁን ምን ይሻላል?»

«ምን ችግር አለው? ፍላሹን ኮምፒውተሩ ላይ ሰኪው።»

«ፍላሽ ሄዷል እኮ!»

«የት?»

«ዳቦ ቤት!»

«ዳቦ ቤቱ ኮምፒውተር አለው?» አለ ባሏ።

«ኮምፒውተሩ ነው የሄደው!»

«ፍላሹስ?»

«እሱ አይደል የወሰደው!»

«ተረጋጊ» አለ፤ ሰው ክፍል ውስጥ ሲረብሽ የሚያወጣትን ድምፅ አውጥቶ። «ያን ፍላሽ እርሺው። እኔ እዚህ ፍላሽ ገልብጫለሁ፤ ይዤ እመጣለሁ።»

«ፍላሽ ተገለበጠ?» ብላ ጮኸች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስልክ ውስጥ ማንም አልሰማውም። «ፍላሽ ተገለበጠ!» የሚለው ቃል ከክሬን ወደ ጫኞቹ፣ ከጫኞቹ ወደ ወፍጮው ሠራተኞች እንደ እሳት ተዛመተ። እጁን አናቱ ላይ የጫነው ጭኖ፣ ባርኔጣውን የጣለው ጥሎ፣ ግቢው በሙሉ ግር ብሎ በበሩ ወጣ። እትዬ ሚዛን ከፊት ነበረች። ታማሚ ጉልበቷ ያን ጊዜ የት እንደሄደ እግዜር ይወቅ።

ፍላሽ ግን የመጀመሪያው መታጠፊያ ጋ እንኳ ገና አልደረሰም። ከኋላው የሚያለቅስ ሕዝብ ሲጎርፍ በመስታወቱ አየና ቆመ፤ መቆሙን ማንም ልብ አላለም። በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለ ክሬን እያለከለከ። «ተገልብጠህ!»

ፍላሽ ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን ዞሮ አየ። ጎማዎቹ መሬት ላይ ናቸው። የራሱንም ክንድና አንገት ዳሰሰ። «እኔ አልሰማሁም» አለ፤ ቅር ብሎት።

ኮምፒውተሩ ትናንት ተመዝነው ባደሩ የዱቄት ኬሻዎች መሀል ልክ እንደ ክቡር እንግዳ ተቀምጧል። ይዘውት ተመለሱ። መከራው ግን በሩ ላይ ይጠብቃቸው ኖሯል፤ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«ጭኖ የገባ መኪና ሳይመዘን አያልፍም።»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች እትዬ ሚዛን። «የሚመዝነው ኮምፒውተር እኮ መኪናው ላይ ነው ያለው!»

«ይመዘናላ።»

«በምን?»

«በሚዛን ነዋ!» አለ ዘበኛው፤ ይህን ሕግ ያስጠናችው ራሷ መሆኗን በዓይኑ እየነገራት።

ባሏ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ፍላሿን መነጽር ማኅደር ውስጥ አስተኝቶ መጣ። ነገሩን ሰማና ስለ ክብደት ምንነት ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲያጠራ ክሬን ቀደመው። ኮምፒውተሩን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገና ወደ ትንሿ የሰው መግቢያ አመራ።

«ዕቃ በሰው በር አይገባም» አለ ዘበኛው። «በሰው በር የሚገባ ሠራተኛ ብቻ ነው።»

«ሠራተኛ አይደል እንዴ? ከእኔ በፊት የተቀጠረ!»

ዘበኛው አሰበ። ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች አየው። እውነትም የሚያውቀው ፊት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት በመስታወቱ ውስጥ ሲያየው ኖሯል። ሰዓቱን ተመለከተ።

«አርፍዷል» አለና አሳለፈው። «ነገ እንዳይደገም።»

ባሏ ያቺ ክፍል ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ገብቶም ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ሚዛን ወንበሩን ከሥሩ መንጠቅ ዳድቷት ነበር። ለሥራዋ ብላ ቻለችው።

ፍላሿ ተሰካች። ኮምፒውተሩ በራ፣ አፏጨ፣ ከዚያ ያችኑ መስመር ጻፈ፤ የምነሳበት አጣሁ። ባሏ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አደረገ። ለካ ያወረደውን ነገር ልክ እንደ ሠርግ ፎቶ ፍላሿ ላይ ዝም ብሎ ገልብጦት ነው። መነሻ የሚሆን ፍላሽ እንዲያ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ ገና ሲነቃ የሚያውቀው ሆኖ በሌላ ፕሮግራም መዘጋጀት አለበት። ይህን ራሱም ያወቀው እዚያው ቪዲዮ ከፍቶ ካየ በኋላ ነው፤ ሆኖም መስኮቱ ላይ ለተኮለኮሉት ጫኞች ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አድርጎ አስረዳቸው። «ዱቄት ምጣድ ላይ ስለደፋችሁ ዳቦ ሆነ ማለት አይደለም» አላቸው። ነገሩ ገባቸው።

እንደገና አዘጋጅቶ ሰካት። አሁን ኮምፒውተሩ ሌላ መስመር ጻፈ፤ ይህ ለአዳዲሶቹ የተሠራ ነው፣ ለእኔ ዓይነቱ አይሆንም አለ። ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ቀለል ያለ ሲስተም ተፈልጎ ተገኘ፤ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ኢንተርኔት ማውረድ ተጀመረ። ክሬን ማውረድ የሚባል ሥራ እንዲህ ሲንቀራፈፍ በማየቱ አፈረ። «እኛ ብንሆን እስካሁን ጨርሰን ምሳ በልተናል» አለ። እውነትም እስከ ማግስቱ ቆየ።

በማግስቱ እትዬ ሚዛን ስትደርስ ባሏ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሞ፣ ነፋስ ለምን ከዚያ በኩል እንደሚነፍስ ለዘበኛው ሲያስተምር አገኘችው። እሷ በአውቶቡስ ስትመጣ እሱ ከቤት በእግሩ ተነስቶ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ያ ኮምፒውተር ከፍላሽ እንዲነሳ፣ ልክ ሲበራ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ባለች ጊዜ ውስጥ ላይኛው ረድፍ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ መጫን አለባት። ካመለጠች እንደገና ማጥፋት ነው። ማብሪያው ደግሞ ወደ ውስጥ ሰጥሟል፤ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በእስኪብርቶ ጫፍ መውጋት ይፈልጋል። እትዬ ሚዛን ጉልበቷ አይታጠፍ፤ የባሏ ጣት አይፈጥን። ስለዚህ እሱ ከሥር ገባ፣ እሷ ከላይ ሆነች።

«ስል ተጫኚ!» ይላል ከሥር።

«መቼ ነው የምትለው?»

«አሁን!»

«‹አሁን› ነው ወይስ ‹ስል›?»

አመለጣቸው። ደግሞ አመለጣቸው። ሰው የማይናገረው ስድብ እየተሰዳደቡ ሞከሩ። በመጨረሻ ሰማያዊ ሰሌዳ ብቅ አለና ሁለቱም በአንድ ላይ ጮኹ።

ጣጣው ግን ገና ነበር። ከፊት ያለው መሰኪያ አሁን ፍላሿን አላውቃትም አለ፤ የሚያውቃት ከኋላ ያለው ነው። የኋላው ደግሞ ላልቷል፤ አንድ ሰው ፍላሿን በጣቱ ወደ ላይ ደግፎ ካልያዘ ትጠፋለች። የስክሪኑ ገመድም ፍላሽ መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ጥርሱ ተጣሞ መጥቷል፤ ቀስ በቀስ ላልቶ አሁን በሁለት እጅ ከኋላ ካልተጫኑት ምስሉ ይጨልማል። ባሏ ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እትዬ ሚዛን ስክሪኑን በሁለት ክንዷ አቅፋ፣ ጉንጯን ጫፉ ላይ አሳርፋ በጎን ታነብባለች። ስክሪኑ ላይ «ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ነገር መጣ።

«ክሬን!» ብላ በመስኮቱ ተጣራች። «ና ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን!»

ክሬን መጣ፤ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን የቁልፍ ዘለላ ያዘ አድርጎ «ማንኛውንም ሲባል የመጋዘኑንም ይጨምራል?» አለ። የምሩን ይሁን እየቀለደ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ እጁን በመስኮት አስገብቶ ኩንታል በሚደግፍበት ጣቱ አንዱን ተጫነው፤ ኪቦርዱ ሊሰበር ምንም አልቀረውም፤ ግን ቀጠለ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ። ክሬን ጥቂት አይቶ ሰለቸውና ሄደ።

ሁለቱ ቀሩ። አንዳቸው ቢለቁ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል።

«ስንት ደረሰ?» አለ ባሏ ከሥር።

«ገና ነው።»

«አንቺ...»

«ምን?»

«ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሲልሽ እንዲህ የደነገጥሽው ለምንድነው? ሰው እኮ ማረፍ ይፈልጋል።»

ፊቱን ስለማታየው ይሆናል፣ ክንዷ ስለዛለ ይሆናል፣ እውነቱ ከአፏ ወጣ። «እኔ የማርፈው እዚህ ነው» አለች። «ከአንተ።»

ወዲያው ቆጫት። ጎንበስ ብላ ልታየው ፈለገች፤ ግን እንዴት ተደርጎ ይለቀቃል? መስመሩ ገና ግማሽ ነው።

«ጣትህን እንዳታነሳ» አለች፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«አላነሳሁም።» ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ብዙ እንደማወራ አውቃለሁ እኮ።»

«ካወቅክ ታዲያ?»

«ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ስገባ ተማሪው በሙሉ ብድግ ይል ነበር። እኔም ‹ተቀመጡ› እል ነበር። አሁን ጠዋት አንቺ በሩን ዘግተሽው ትሄጃለሽ። ከአንዱ ክፍል ወጥቼ ሌላው ውስጥ እገባለሁ፤ የሚነሳ የለም። ድመቷ እንኳ ቀና አትልም። ዝም ካልኩ ያለሁ አይመስለኝም። ሰው ይፍራኝ ብዬ አይደለም፣ ዝምታውን የምፈራው እኔ ነኝ።»

እትዬ ሚዛን እንባዋ መጣ። የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ በስክሪኑ ጠርዝ ወረደ።

«ታዲያ ለምን ትረዳኛለህ?» አለች። «ይሄ ነገር ካልተነሳ ቤት ልገባልህ አይደል?»

«ቤት ገብተሽ ከጓዳ ጓዳ ብትሸሺኝ ምን ይረባኛል?» አለ ባሏ። «ክንዴን አመመኝ። ስንት ደረሰ?»

«ትንሽ ቀርቶታል» አለችው፤ ዋሽታው ነበር።

መስመሩ ጥግ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ። ከዚያ ትንሽ የደወል ድምፅ አሰማና ሰማያዊ ሆኖ ተነሳ። የሚዛኑ ፕሮግራም ዲስኩ ጥግ ላይ ሳይነካ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ባሏ ከጠረጴዛው ሥር ሲወጣ ከጀርባው እስከ ተረከዙ ነጭ ነበር። ክሬን «ተነሳ!» ብሎ ሲጮህ ጫኞቹ አጨበጨቡ፤ ፍላሽም መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ፤ ሆን ብሎ ይሁን አይሁን አይታወቅም። የስክሪኑን ገመድም ክሬን በኬሻ ክር ጠፍሮ አሰረላቸው።

ደስታው ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ኮምፒውተሩ ማታ ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ራሱን ስቶ ይነቃል። ቀኑን ወደ ተሠራበት ዘመን ይመልሰዋል፤ ከየት ልነሳ ብሎም ይጠይቃል። በዚያች ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ጊዜ ውስጥ ቁልፏን ካልተጫኗት ደርቆ ይቀራል። አንድ ሰው ከሥር፣ አንድ ሰው ከላይ ያስፈልጋል። እናም ባሏ ጠዋት ጠዋት መምጣት ጀመረ።

ሐሙስ አስነስቶት ወዲያው ሄደ። ዓርብ የመጀመሪያው መኪና እስኪመዘን ቆየ። ቅዳሜ ከቤት በርጩማ ይዞ መጣ። እትዬ ሚዛን ደስ አላት ብል ውሸት ነው፤ ክፍሏ የራሷ ብቻ መሆኗ በመቅረቱ አንጀቷ ተቃጠለ። እሱም አፉን ለመያዝ የሚችለውን ያህል ታገለ፤ ግን የሚመዘን መኪና በመጣ ቁጥር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሹፌሩን ስንዴው የበቀለበት አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቀዋል። አንዳንዱ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጠው ጀመር። ሲያዳምጡት ድምፁ ይለሰልሳል፤ ቤት ሲሆን እንደዚያ እንዳልነበር እትዬ ሚዛን ልብ አለች።

ሰኞ ባለሙያዋ መጣች። ለጋ፣ ትሑት፣ ቦርሳዋን እንደ ሐኪም የያዘች ልጅ ናት። እትዬ ሚዛን ቁማ ተቀበለቻት። ልጅቱ ኮምፒውተሩን አየችው፣ ሚዛኑ ላይ መኪና አስቁማ ሞከረችው፣ ከዚያ አጠፋችውና ክዳኑን ፈታች። ዱቄቱን እፍ ስትለው ሁሉም አስነጠሳቸው።

«ይሄን በፍላሽ ያስነሳው ማነው?» አለች እየሳቀች።

«እኔ ነኝ» አለ ባሏ፤ ቀጥሎ «እሷ ናት» አለ፤ ቀጥሎ «እኛ ነን» አለ።

«እግዜር ይስጣችሁ፣ ጎበዞች ናችሁ። እንግዲህ እየሠራ ክፍሉን የምዘጋበት ምክንያት የለኝም። ይሄ ዕቃ እስካለ ድረስ እርስዎም አሉ።»

እትዬ ሚዛን ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ባለሙያዋ፤ ከቦርሳዋም ሳንቲም የምታህል ክብ ባትሪ አወጣች። «ሥራ አስኪያጁ እንደነገሩኝ ጠዋት ጠዋት ሁሉን የሚረሳው ውስጡ ያለችው ባትሪ አልቃበት ነው። ቀላል ነገር ናት። እሷን ልቀይርልዎትና ከግድግዳው ማብሪያ ጋር አብሮ እንዲነሳ ላስተካክለው። ከዚያ በኋላ ሰው ማስቸገር የለም፤ ብቻዎን ያስነሱታል።»

እትዬ ሚዛን ባሏን አየችው። ባሏ በድንገት የመስኮቱን መስታወት በእጅጌው መጥረግ ጀምሯል። ያኔ ገባት፤ ያን ሁሉ ቪዲዮ ያየ ሰው ስለ ባትሪዋ ሳይሰማ አልቀረም። ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ንዴት ፊቷን አሞቀው። ሊያታልለኝ ነው እንዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ክፍሌ? አፏን ከፈተች። ግን ልጅቱ ያለቻት «ብቻዎን» የምትለው ቃል ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበረች፤ ያን ሁሉ ዓመት የተመኘቻት ቃል ናት፤ አሁን ስትሰማት ግን አልጣፈጠቻትም።

«ተዪው የኔ ልጅ» አለች።

«ኧረ ቶሎ ነው የማደርገው፣ ምንም አይፈጅም።»

«ባትሪ ከገባበት ይሄ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ምን ሊሠራ ነው?»

ባለሙያዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። ባትሪዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች፤ ክዳኑን ገጥማ ብሎኑን አሰረች። ባሏ መስታወቱን መጥረግ አቆመ። ዞሮ ግን አላየም።

ከውጭ ሚዛኑ ላይ የቆመው መኪና ጥሩምባውን ነፋ።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው እትዬ ሚዛን። «ሰው እየጠበቀ ነው፤ ግባ እንጂ ከሥር።»

ባሏ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ እስኪብርቶውን ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«ስል ተጫኚ» አለ።

«እሺ» አለች፤ ጣቷንም ቁልፏ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።